ጠጉራሙንና መላጣውን ያስታረቅኩ ጊዜ

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የተባለው ለኔ ነው፤ ለሌላ ለማንም አልተተረተም። ጥርሴ ረግፎ፣ ጉልበቴ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ እያለ፣ በስተርጅና የማን ጉዳይ ውስጥ ልግባ? የሜታል ባንድ! ቤተክርስቲያን ከበሮው ሲጠነክር እንኳ ነጠላዬን ጆሮዬ ላይ የምጠመጥም ሴትዮ፣ የሚያጓሩ ፈረንጆች ላስታርቅ ተነሳሁ። እንግሊዝኛዬ «ሃይ»፣ «ባይ»፣ «ኖ ሚት» ነው። የመጨረሻዋ ለጾም ናት። በዚችው ተማምኜ ሽማግሌ ሆንኩ። እግዜር ሲስቅብኝ ይታየኛል።

ጊዜው በነሱ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። አሜሪካ፣ ስፕሪንግ ቫሊ በሚባል ሰፈር ልጄ የተከራየችው አፓርትመንት፣ ፎቁ ላይ ነበርን። ልጄ ካዚኖ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ በዚያ ላይ ኦቨርታይም ትገባለች። እኔ ቤት እጠብቃለሁ። ቤቱ የትም እንደማይሄድ ባውቅም እጠብቀዋለሁ። እዚያ ሰፈር መኪና የሌለው ሰው እግር የሌለው ሰው ነው፤ ሱቁ ይታያል፣ በዚያ ሙቀት ግን አይደረስበትም። በራችን ፊት ለፊት አንዲት ያገሬ ልጅ ትኖራለች። በሱዳን በኩል በስደት የመጣች ናት፤ ካዚኖ ውስጥ ሌሊት ሺፍት ሳንቲም ትዘረዝራለች፣ ቀን ቀን ትተኛለች። የሌሊት ወፍ እላታለሁ። ምላሷ ግን ቀንም ሌሊትም ነቅቶ ነው የሚያድረው።

ጩኸቱ የሚመጣው ከሥራችን ካለው ቤት ነበር። ጠዋት ልጄ እንደወጣች ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆዎቹ ቁምሳጥን ውስጥ እርስ በርሳቸው ይላተማሉ። መጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ መስሎኝ «በስመ አብ» ብዬ የበሩን ጉበን ይዤ ቆሜአለሁ። ኋላ የሰው ድምፅ መሆኑን ለየሁ። ሰው ደግሞ እንዲያ የሚጮኸው ወይ ሲያርዱት ወይ ጋኔን ሲወጣለት ነው። በምርኩዜ ወለሉን ደበደብኩ። እሱ በከበሮ የማግዘው መስሎት መሰለኝ፣ ባሰበት።

ወረድኩ። ሳንኳኳ አንድ ረጅም ሰው ከፈተ። ጠጉሩ ወገቡ ድረስ ወርዷል፤ እኔ በወጣትነቴ እንኳ እንዲያ ያለ አልነበረኝም፣ ቀናሁ። ሸሚዙ ጥቁር ነው፤ ደረቱ ላይ የራስ ቅል ተስሎበታል። ፊቱ ግን የልጅ ፊት አይደለም፣ ከዓይኑ ሥር መንጠልጠል ጀምሯል። ወደ ላይ፣ ወደ ሌሊት ወፏ በር ጠቆምኩ፤ ሁለት እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ሶሪ ማማ» አለና ሄዶ አጠፋው። እንዲህ በአንድ ቃል የታዘዘኝ ከገዛ ማሕፀኔ አልወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠጉራሙ አልኩት።

ጎረቤታሞች ሆንን። የገበያ ከረጢት ይዤ ሲያየኝ ተቀብሎኝ ደረጃውን እየዘለለ ያወጣልኛል። እኔ ሽሮ በሰሃን እልክለታለሁ፤ በላብ ተጠምቆ ይበላታል። ሰሃን ባዶውን አይመለስም ብዬ በእጅ ምልክት አስተምሬው፣ አንዴ ሙዝ፣ አንዴ ብስኩት፣ አንዴ ደግሞ የጊታር ክር አድርጎ መልሶልኛል። ክሩን ልብስ ማስጫ አደረግኩት።

አንድ ቀን የሌሊት ወፏን ይዣት ወረድኩና «እስቲ ምንድን ነው ሥራው? ጠይቂልኝ» አልኳት።

ብዙ አወሩ። እሷ እያዛጋች ዞር አለችልኝ። «ዘፋኝ ነው ይላል፣ እማማ።»

«የምን ዘፋኝ? እኔ እስከዛሬ ሲታመም ነው የምሰማው።»

«ትራሽ ሜታል ነው የሚባለው። የፈጠነና የተቆጣ ሙዚቃ ነው። ድሮ በጣም የታወቁ ነበሩ አሉ፤ ፎቶውን ይዩት።»

ግድግዳው ላይ ትልቅ ፎቶ አለ። እንደ ጥምቀት የተሰበሰበ ሕዝብ፣ ሁሉም እጁን አንስቶ። ፊት ለፊት ጠጉራሙ፤ ከጎኑ ሌላ ጠጉራም ጊታር ይዞ፣ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው።

«ታዲያ አሁን ምን ሆነው ነው ከኔ ሥር የሚኖረው?»

«ሙዚቃው አለፈበት፣ ባንዱም ተበተነ። አሁን ካምባክ እያደረገ ነው። ካምባክ አልበም።»

«እሱ ደሞ ምንድን ነው?»

«አንዴ ተረስቶ፣ እንደገና መጣሁ ማለት።»

«ሞቶ መነሳት በይኛ!»

«ቢነሳማ ጥሩ ነበር» አለች። «አንዱን አውጥቶ ነበር፤ ያውልዎት ሶፋው ሥር።» ጎንበስ ብዬ ሳይ ሶፋው የቆመው በእግሩ አይደለም፣ ሲዲ በታጨቀበት ካርቶን ላይ ነው። የሚገዛው የጠፋ የመጀመሪያው ካምባክ እሱ ነበር።

ሙዚቃ የሚያሳትመው ኩባንያ የመጨረሻ አንድ ዕድል ሰጥቶታል። ሁለተኛ አልበም እናወጣልሃለን፣ ግን ያ ጊታር መቺ ከሌለ ወሬ የለም ብለውታል። ይሄ ካልሆነ የሚጠብቀው ካዚኖ ነው፤ ቫሌት ሆኖ የሰው መኪና ፓርክ ማድረግ። ሥራውን ሊሰጡት ዝግጁ ናቸው፣ ጠጉሩን ከቆረጠ። ይሄን ሲነግረን ጠጉሩን በእጁ ጠቅልሎ እንደ ልጅ ደረቱ ላይ ይዞታል። «ከቆረጥኩት አለቀ ማለት ነው» አለ ብላ ተረጎመችልኝ።

«ታዲያ ጊታር መቺውን አይጠራውም? የት ነው ያለው?»

«እዚሁ ከተማ ነው። ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ሰፈር፣ አዲስ ቤት የሚሠራበት ጋ፤ ግድግዳ ያለብሳል። ግን አይነጋገሩም።»

«ለምን?»

ጠጉራሙ መሬት መሬት እያየ ነገራት። እናቱ የሞተች ጊዜ ባንዱ በየከተማው እየዞረ ነበር። እሱ አቋርጦ ሊቀብር ሄደ። ሲመለስ ጓደኛው ሌላ ዘፋኝ ተክቶ መድረክ ላይ ቆሞ አገኘው። ለቀብር አልመጣ። አንድ ቃል አልተናገረ። እስከዛሬም አልደረሰውም።

እንግዲህ የኔ ጆሮ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንዱን ነው፦ ለቅሶ አልደረሰውም። አልበሙ፣ ኩባንያው፣ ጠጉሩ ከጆሮዬ ጠፋ። እናት ቀብረህ ጓደኛህ ካልደረሰህ ምን ጓደኛ ነው? እንኳን ባንድ፣ ዕድር ይፈርስበታል!

«ደውዪለት» አልኳት።

«ለማን?»

«ላላለቀሰው። ናና ለቅሶ ድረስ በይው።»

«እማማ! ሴትየዋ ከሞተች ስንት ዘመኗ። አሁን የምን ለቅሶ ነው?»

«ለቅሶ እንጀራ ነው እንዴ የሚሻግተው? ደውዪ!»

ደወለች። ያልኳትን እንዳለ ነገረችው። ኋላ «ይመጣል» አለች፣ ዓይኗ ፈጦ። «እናቱ ናት እንዴ የምታስደውለው ብሎ ጠየቀኝ፣ እማማ። ምን ልበለው?»

በሌሊት ወፏ የእረፍት ቀን ቀጠርነው። የጠጉራሙን ቤት ለለቅሶ አሰናዳሁት። የሶፋውን ትራስ ወለል ላይ አነጠፍኩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የራስ ቅል ላነሳው ነበር፤ ኋላ ለለቅሶ ቤት ከዚህ የሚስማማ የት ይገኛል ብዬ ተውኩት። የእናቱን ፎቶ አምጣ አስባልኩት፤ ከመሳቢያ አወጣ። ወፍራም፣ የምትስቅ ሴት ናት። ከትልቁ ስፒከር ላይ አቆምናት። ልብስ ቀይር እንዳልለው እሱ ድሮም ጥቁር ነው የሚለብሰው፤ ለሐዘን ተዘጋጅቶ የኖረ ሰው ነው።

ፒካፕ መኪና መጥቶ ቆመ። የወረደው ሰው ራሱ እንደ እንቁላል ያበራል። ፎቶው ላይ ያለው ያ ሁሉ ጠጉር የለም። በብብቱ አንድ ካርቶን ቢራ ይዟል። «ይሄ ንፍሮው መሆኑ ነው» አልኳት የሌሊት ወፏን። መላጣው አልኩት። ምን ላድርግ፣ ስማቸውን አፌ አይችለውም።

አስቀመጥኳቸው፤ አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ። «ዝም በሉ በያቸው። ለቅሶ ቤት መጀመሪያ ዝም ነው።» ፈረንጅ ዝምታ አይችልም። መላጣው እግሩን ያንቀጠቅጣል፣ ጠጉራሙ ጣቱን ያንቋቋል። የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ይሰማል። እንዲህ ሆነው ሲቀሩ ጊዜ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለማላውቃት ሴት ሙሾ አወረድኩላት፦

እናት የቀበረ በምን ድምፁ ይዘፍናል፣
ግማሹን ጉሮሮ አፈር በልቶበታል።

ምን እንዳልኩ አልገባቸውም። አስተርጓሚዬም አልተረጎመችም፤ እሷ ራሷ የእናቷን መርዶ በስልክ ነው የተረዳችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። መላጣው ግን ቀና ብሎ ፎቶዋን አየ። እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። እኔ እንኳ ደነገጥኩ።

ኋላ ነገራት። ልጆች ሆነው የተለማመዱት በሴትየዋ ጋራዥ ነው። ጎረቤት ፖሊስ ሲጠራ በር ላይ ቆማ የምትመልስ እሷ ናት። ልብሱን ያጠበችለት፣ የመጀመሪያ ጊታሩን ያስጠገነችለት እሷ ናት። ለምን አልቀበርካትም ስትለው፣ «ፈራሁ» አለ። ሌላ ምክንያት የለውም። ፈራ፤ ቀን አለፈ፤ ቀን ሲያልፍ ደግሞ አፈረ። ይሄን ቋንቋ ሳላውቅም አውቀዋለሁ።

ጠጉራሙ ተነስቶ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። አልተቃቀፉም፤ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ቢራውን ከፈቱ።

እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! እኔ ግን ሽማግሌ ነኝ ብያለሁ፤ ሽማግሌ ደግሞ ነገሩን ሳያሥር አይነሳም። ሁለቱንም በርከክ በሉ ብዬ ጭንቅላታቸው ላይ እጄን አደረግኩ። በአንድ በኩል ጫካ፣ በአንድ በኩል በረሃ። «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ነገር መልሶ በአፉ ያነሳ፣ አፉ ይያዝ!» አልኩ።

«ይሄን ልተርጉመው?» አለች የሌሊት ወፏ። «እማማ፣ ሰውየው ዘፋኝ ነው እኮ።»

«ተርጉሚ! ያለ መሐላ ዕርቅ ጨው የሌለው ወጥ ነው።»

ተረጎመች። ጠጉራሙ ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ነገር ሊል ነበር። ከዚያ መላጣውን አየና ተወው። «አሜን» አሉ ሁለቱም፣ ልክ እንደኛ።

እኔ ኮራሁ። ለልጄ፣ ለቤተክርስቲያን ሴቶች፣ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። አሜሪካን አስታረቅኩ ያልኩም ይመስለኛል።

ልምምዱን በመላጣው ጋራዥ ውስጥ ያዙ። አንድ ጊዜ ወሰዱኝ። ያ ሰፈር ያኔ ገና ግማሹ ቤት፣ ግማሹ አሸዋ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ጥርሴ መሀል የሚንቋቋ አፈር ይዞ ይመጣል። ታጣፊ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ከበሮ መቺውን ከሌላ ቦታ ነው የተዋሱት። ጠጉራሙ «አንተ ጀምር» ይላል። መላጣው «ኖ ኖ፣ አንተ» ይላል። እንደ ሙሽራና ሚዜ በር ላይ ይገባበዛሉ። የሚዘፍኑት ጥሩ ነው፤ ጆሮ አይበሳም፣ ወለልም አያንቀጠቅጥም። እንዲያውም እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ ከበሮ መቺው ሰዓቱን እያየ ነበር።

«ተሻላቸው» አልኳት ማታ የሌሊት ወፏ ለሺፍቷ ስትወጣ። «ድሮ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ድንጋይ የጨመሩ ነበር የሚመስለው።»

«ሰዉ የሚወደው ድንጋዩን ነው እኮ፣ እማማ» አለችኝና መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

አልበሙ ወጣ። ጠጉራሙ የመጀመሪያዋን ሲዲ ለኔ አመጣ፤ ሰሃኔ ላይ አድርጎ። ሽፋኑ ላይ የራስ ቅል የለም፤ በረሃና ጀምበር ነው ያለው። እኔ ይሄንን የዕርቅ ምልክት አደረግኩት። ቴሌቪዥኑ ላይ አቆምኳት፤ ልጄ ስትመጣ ወደ መሳቢያ፣ ስትሄድ ወደ ቴሌቪዥን።

የሌሊት ወፏ አንድ የሙዚቃ መጽሔት ይዛ መጣች። ከገጹ ግርጌ ትንሽ ነገር ተጽፎባቸዋል። «ምን ይላል?» አልኳት። ዓይኗን አሽከረከረች። «አርጅተዋል ነው የሚለው፤ አሳጥሬ ስነግርዎት።»

ልጄ በእረፍቷ ሞል ስትወስደኝ ሙዚቃ ቤቱን አሳዪኝ አልኳት። ገባሁ፣ ፈለግኩ። በር ላይ፣ ማንም የማይፈልገውን የሚጥሉበት ቅርጫት ውስጥ አገኘኋቸው፤ የገና ዘፈን ተጭኗቸዋል፣ ገና ባልደረሰበት! ልጄ ዞር ስትል አቀፍኳቸውና ፊት ለፊት፣ መብራት ካለው መደርደሪያ ላይ ከሚሸጡት ፊት ደረደርኩ። ሴኩሪቲው መጥቶ አንድ ነገር አለኝ። «ሃይ» አልኩት። ደገመልኝ። «ኖ ሚት» አልኩት። ልጄ እጄን ይዛ እያፈረች አወጣችኝ። በሌላ ሳምንት ሄጄ ሳይ ተመልሰው ቅርጫት ውስጥ ናቸው። ደግሜ አነሳኋቸው። ደግመው መለሷቸው። ሦስተኛ ስሄድ ቅርጫቱም የለም።

ያን ሰሞን ከተማው አንድ አሮጌ ካዚኖ በፈንጂ አፈረሰ። ሕዝቡ ወንበር ይዞ ወጥቶ ነው ያየው። ሕንፃው በጉልበቱ ሲንበረከክ አጨበጨቡ። እኔ በቴሌቪዥን አየሁና ጠጉራሙ እንዳያይ አልኩ፤ ለምን እንዳልኩ እንጃ።

ኩባንያው አንድ ኮንሰርት ይሞከር ብሎ ሄንደርሰን፣ ዋተር ስትሪት ያለች ቡና ቤት ውስጥ አዘጋጀላቸው። እሑድ ከሰዓት። ማታውን ለሌሎች፣ ለወጣቶቹ ሰጥተውታል። ያን ቀን ሰው ካልመጣ፣ ካልወደደ፣ ሌላ ስልክ እንደማይደወልለት ጠጉራሙ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ከቅዳሴ በቀጥታ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ፣ የሌሊት ወፏ በመኪናዋ ወሰደችኝ። ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ወትፋልኛለች።

የመጡት ጥቂት ናቸው። ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም በጥቁር ካናቴራ። ካናቴራው የድሮው ነው፤ ሆዳቸው የአሁን። የራስ ቅሉ ቦርጫቸው ላይ ተለጥጦ የሚስቅ ይመስላል። አንዱ ወንበር ለቀቀልኝ፤ ጨዋዎች ናቸው።

አዲሶቹን ዘፈኖች ዘፈኑ። ሰዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አዩ። አልተሳደቡም፣ አላጨበጨቡም። ሐኪም የሚጠብቁ ይመስላሉ። ከዚያ አንዱ ጮኸ። ሌላው ያንኑ ቃል ደገመው። ሁሉም ያዙት፣ እግራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ። ደስ አለኝ።

«ወደዱት! ምን ይላሉ?»

«አልወደዱትም» አለች የሌሊት ወፏ። «ያቺን ዘፈን ዝፈንልን ነው የሚሉት።»

«የቷን?»

«መላጣውን የሚረግምበትን። እናቴን ስቀብር አንተ የት ነበርክ የሚልበትን። የመጡት እኮ ለእሷ ነው፣ እማማ። ከተጣሉ በኋላ ያወጣት ናት፤ ከዚያ ወዲህ ሰው የሚያስታውሳቸው በእሷ ነው።»

ወደ እሷ ዞርኩ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ቀን ቀን በወለሉ በኩል ስሰማት አልነበር! ያን ቀን ሲያስምሉት ልነግርዎት አስቤ ነበር። ተርጉሚ አሉኝ፣ ተረጎምኩ።»

ጠጉራሙ ጭንቅላቱን ወዘወዘ። ለሰዎቹ እጁን አፉ ላይ አድርጎ አሳያቸው፣ እንደ ማለ ሰው። አልገባቸውም። አንድ ሁለቱ መጠጣቸውን አስቀምጠው ወጡ። በሩ በተከፈተ ቁጥር የከሰዓት ፀሐይ እስከ መድረኩ ድረስ ይገባና፣ የጠጉራሙ ፊት ምን ያህል እንደደከመ ያሳያል። እንደገና ሌሎች ወጡ። እንደገና ፀሐይ።

ተነሳሁ። ምርኩዜን ወደ ላይ አነሳሁ። «ፈትቻለሁ!» አልኩ በአማርኛ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ። «ሽማግሌ ያሠረውን ሽማግሌ ይፈታዋል! ፈትቻለሁ! ዝፈን አንተ! እርገመው!»

የሌሊት ወፏም ተነስታ በእንግሊዝኛ ጮኸች። ባለካናቴራዎቹ ዞረው አዩን፤ ነጭ ነጠላ የለበሰች አሮጊት ምን እያለች እንደሆነ እግዜር ይወቅላቸው። መላጣው ግን ገባው። ሳቀ። ሳቀና እሱ ራሱ ጊታሩን አነሳ፤ ራሱን የሚያሰድበውን ዘፈን ራሱ ጀመረው። ያ የድሮው ድንጋይ መጣ! ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ፣ ጥጡ ከጆሮዬ ሊወጣ ደረሰ፣ ሰዎቹ ከበር ተመለሱ። አንዱ እጁን አነሳ።

ጠጉራሙ ጀመረው። ጮኸ፣ እንደ ድሮው እንደሚታረድ ሰው። ከዚያ እርግማኑ ጋ ሲደርስ ዞሮ መላጣውን አየ። መላጣው ግባበት፣ በለው፣ እያለ በራሱ ይነቀንቅለታል። ጠጉራሙ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣ። እንደገና ከፈተ። ማይኩን ቀስ ብሎ አወረደው። ጊታሩ ብቻውን ትንሽ ሄደ፤ ከበሮ መቺውም ቆመ።

መላጣው መጥቶ አቀፈው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ያለቀው። ለእርግማን የመጣ ሰው ሲተቃቀፉ አይቶ ምን ይሁን ብሎ ይቆማል? በሩ ተከፈተ፣ ቶሎም አልተዘጋ። በመጨረሻ የቀረነው እኔ፣ የሌሊት ወፏና ብርጭቆ የሚሰበስበው ሰውዬ ነን። እኔ አጨበጨብኩ። ሰውዬው ሒሳብ ልከፍል የጠራሁት መስሎት መጣ።

ኩባንያው አልደወለም። ጠጉራሙ ስልኩን ደረጃው ድረስ በረጅም ገመድ እየጎተተ አጠገቡ አስቀምጦ ይቀመጥ ነበር። ስወጣ ስወርድ «ማማ» ይለኛል። ጣቴን ወደ ስልኩ እቀስራለሁ፤ ትከሻውን ይነቀንቃል። ሽሮ እልካለሁ፤ ሰሃኑ ባዶውን መመለስ ጀመረ።

ከዚያ አንድ ጠዋት መኪና ማቆሚያው ጋ ቀይ ሰደርያ የለበሰ ሰው አየሁ። የማላውቀው ሰው ነው ብዬ አልፌው ነበር። «ማማ» አለኝ። ዞርኩ። ጠጉሩ የለም። ጆሮው እንዲያ ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ተቆርጧል፣ ማጅራቱ ፀሐይ አይቶ አያውቅምና ነጭ ነው።

በኛ አገር ጠጉር እንዲያ የሚቆረጠው ሰው ሲሞት ነው። አስተርጓሚዬ አልነበረችም፤ በአማርኛዬ «ማን ሞተብህ?» አልኩት። አልገባውም። እጄን ዘርግቼ ራሱን ነካሁት፤ ጎንበስ አለልኝ። «እግዜር ያጥናህ» አልኩት። «ኦኬ ማማ፣ ኦኬ» አለና ሰዓቱን አይቶ ሮጠ። ካዚኖ ሲያረፍዱበት አይወድም። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ እንደምጠራው ጠፋኝ፤ ጠጉራሙ እንዳልለው ጠጉር የለው።

ብዙም አልቆየ። እህቱ ያለችበት ሌላ ስቴት ሄደ። ዕቃውን የጫነለት መላጣው ነው፤ በዚያው ፒካፕ። ጓደኝነታቸው እንኳ አልተበላሸም፣ የሚያናድደውም እሱ ነው። ካርቶኖቹን ቆሻሻ መጣያው ጋ ተዋቸው። የፊተኛው ካምባክም የኋለኛውም እዚያው ተቀላቅለው፣ ሲዲው በፀሐይ ያብለጨልጫል። ጥቂቱን በነጠላዬ ቋጥሬ አመጣሁና በረንዳው ላይ በጊታሩ ክር ሰቀልኳቸው፤ ርግብ ለማባረር ጥሩ ነው ይላሉ። ርግቦቹ ግን ለመዷቸው።

በማግሥቱ ጠዋት የሌሊት ወፏ ከሺፍቷ ስትመለስ በረንዳው ላይ አገኘችኝ። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ከታች ያለው ቤት በሩ ተከፍቶ ሠራተኞች ምንጣፉን ይነቅላሉ።

«እኔን ነው የሚቆጨኝ» አልኳት። «ባላስምላቸው ኖሮ፣ እንደተቆጡ ብተዋቸው ኖሮ፣ ይመለሱ ነበር አይደል?»

ቁልፏን በሩ ውስጥ ከተተችና አንገቷን ብቻ አዞረች።

«ቢቆጡም አይመለሱም ነበር፣ እማማ። ማን ጠራቸው?»